አንድ ዓረፍተ ነገር እስከ ሥሩ፦ ስለ ዘርና መድልዎ ለማጥናት የኢንተርኔት ማጣቀሻን መመዘኛ መንገድ

ድሬዳዋ ሰብያን ውስጥ ትንሽ የኅትመትና የጥራዝ ቤት አለኝ። ሶሲዮሎጂ ተምሬ ፎቶኮፒ ላይ የቀረሁ ሰው ነኝና፣ ግንቦትና ሰኔ ላይ የመመረቂያ ጽሑፍ ሊያስጠርዝ የሚመጣን ተማሪ ዝም ብዬ አልሸኝም፤ ገለጥ ገለጥ አደርገዋለሁ። አምና አንዲት ተማሪ ያመጣችው ጽሑፍ ምዕራፍ ሁለት ላይ «የሐረር ሕዝብ ሴማዊ ዘር ሲሆን በኩሻዊ ዘሮች ተከቧል» ይላል። ማጣቀሻው የአንድ ድረ ገጽ አድራሻ ነው። ከፈትነው። ማስታወቂያ የለው፣ ዝብርቅርቅ የለው፣ ከላዩ «ኢንሳይክሎፔዲያ» ተብሎ ተጽፏል። እስከ ታች ስናወርደው በደቃቅ ፊደል ምንጩን ይናገራል፦ የ1911 እ.ኤ.አ. ብሪታኒካ፣ የእንግሊዝኛው ኢንሳይክሎፔዲያ። ልጅቷ ለዘመኗ ጥናት ያመጣችው ማስረጃ አፄ ምኒልክ በሕይወት ሳሉ የታተመ ነው።

ጥራዙ ለሳምንት ተላለፈ። በዚያ ሳምንት ያደረግነውን ነው እዚህ በቅደም ተከተል የማስቀምጠው። አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል፦ «ይህ ድረ ገጽ ይታመናል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ሩቅ አያደርስም። አንቱ የተባለ ምንጭ ውስጥ የበሰበሰ ዓረፍተ ነገር ይኖራል፤ ተራ ገጽ ላይም ወደ ጥሩ ሰነድ የሚወስድ የግርጌ ማስታወሻ ይገኛል። እኔ የምመዝነው ልጠቅሰው ያሰብኩትን ዓረፍተ ነገር ነው፤ አንድ በአንድ። (ድሬ ላይ አንቱታ ስለማይሆንልን «አንተ» እያልኩ እሄዳለሁ፤ አንቺም ብትሆኚ ያው ነው።)

ፍለጋው ሳይጀመር «ዘር»ን አብጥር

ጉግል ላይ በአማርኛ «ዘር» ብለህ ጻፍ። የስንዴ ምርጥ ዘር፣ የዘር ፖለቲካ፣ የዘር ማጥፋት፣ የዘር ፍሬ ሕክምና ተደባልቆ ይመጣል። ማሽኑ አልተሳሳተም፤ ቃሉ ራሱ ይህን ሁሉ ይሸከማል። የሚከፋው ከእንግሊዝኛ ሲተረጎም ነው። የአሜሪካ ሶሲዮሎጂ «ሬስ» ሲል በአብዛኛው ከባሪያ ንግድ ወዲህ በቆዳ ቀለም ዙሪያ የተበጀውን ክፍፍል ማለቱ ነው። አሜሪካዊው ሶሲዮሎጂስት ደብልዩ. ኢ. ቢ. ዱቦይስ የፊላዴልፊያን ጥቁሮች ቤት ለቤት ዞሮ አጥንቶ በ1899 እ.ኤ.አ. ሲያሳትም የጻፈው ስለዚያ ክፍፍል ነበር። እኛ ያንኑ ቃል «ዘር» ብለን እንተረጉምና «ብሔር» በሚገባበት ቦታ እንሰካዋለን። የፊላዴልፊያው ግኝት ሳናስበው ለእኛው ሰፈር ለገንደ ቆሬ ይውላል።

ስለዚህ ወረቀት ያዝና ጥያቄህን በአንድ መስመር ጻፍ። «ዘር» ባልክበት ሁሉ ከላዩ ላይ የትኛውን ማለትህ እንደሆነ አስፍር፦ የቆዳ ቀለም፣ ብሔር፣ የትውልድ ሐረግ፣ ወይስ በሙያ ላይ የተለጠፈ የዘር ስም? የመጨረሻው በአገራችን ትልቅ ጉዳይ ሆኖ ሳለ ብዙ ተማሪ ይዘለዋል። ቀጥቃጩን፣ ሸክላ ሠሪዋን፣ ፋቂውን «ቡዳ» ብሎ ከጋብቻና ከማዕድ ማራቅ በቆዳ ቀለም አይገለጽም፤ በብሔርም ሁልጊዜ አይገለጽም።

እዚህ ላይ የሕግ ሰነድ ያግዛል። በ1965 እ.ኤ.አ. የጸደቀውና ኢትዮጵያ በ1976 እ.ኤ.አ. የገባችበት የተባበሩት መንግሥታት የዘር መድልዎ ማስወገጃ ስምምነት አንቀጽ 1 «ዘር» ብሎ አያቆምም፤ ቀለምን፣ የትውልድ ሐረግን፣ የብሔራዊና የጎሳ አመጣጥን አብሮ ይዘረዝራል። ስምምነቱን የሚከታተለው ኮሚቴ ደግሞ በ2002 እ.ኤ.አ. ባወጣው 29ኛ አጠቃላይ ምክሩ «የትውልድ ሐረግ» ሲባል ካስትንና በውርስ የሚተላለፉ መሰል ደረጃዎችን እንደሚጨምር አብራርቷል። ስለ ሸክላ ሠሪዎች መገለል የምትጽፍ ከሆነ በእንግሊዝኛ «ሬስ» ብለህ ብትፈልግ ባዶ እጅህን ትመለሳለህ። «ካስት» ወይም «ኦኩፔሽናል ማይኖሪቲ» (በሙያ የተለዩ አናሳ ቡድኖች) በልና ሞክር።

ፊደላችንም የራሱ ጣጣ አለው። «ሐረር»፣ «ሀረር»፣ «ሃረር» ላንተ አንድ ከተማ ናቸው፤ ለፍለጋ ማሽን ግን ሦስት ቃል ሊሆኑ ይችላሉ። «መድልዎ»፣ «መድሎ»፣ «አድልዎ»፣ «አድሎ»ም እንደዚያው። «ድሬዳዋ» ተገጥሞም፣ «ድሬ ዳዋ» ተለያይቶም ይጻፋል። በላቲን ፊደል ሲሆን ሐረርን የድሮ ፈረንሳዮች መካከል ላይ «አር»ን ደግመው (Harrar) ይጽፏት ነበር። አንድ ጊዜ ፈልገህ «ምንም አልተጻፈም» አትበል፤ «ስለዚህ ጉዳይ የተሠራ ጥናት የለም» የሚለው ተወዳጅ ዓረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ የፊደል ግድፈት ውጤት ነው።

ዊኪፒዲያ ላይ ከጽሑፉ ይልቅ ዙሪያውን አንብብ

«ዊኪፒዲያ እንዳትጠቅሱ» የሚል አስተማሪ ማታ ቤቱ እሱኑ ያነባል፤ አልፈርድበትም። አትጥቀሰው፣ ግን አንብበው። መጀመሪያ ልትወስደው ያሰብከው ዓረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ የማጣቀሻ ቁጥር አለ ወይ? ካለ ንካውና ወዴት እንደሚወስድ ተመልከት። ማጣቀሻው የጋዜጣ ዜና ከሆነ፣ የቱሪስት መመሪያ ከሆነ፣ ወይም የማይከፈት ሊንክ ከሆነ፣ ዓረፍተ ነገሩ በአየር ላይ ነው ያለው።

ቀጥሎ የእርማት ታሪኩን ክፈት። በስልክ ከሆንክ ከገጹ ግርጌ መጨረሻ የተስተካከለበትን ጊዜ የሚናገረውን መስመር ስትነካው ይመጣል። ስለ ብሔረሰቦች የተጻፉ ገጾች ላይ አንዱ የሕዝብ ቁጥር ይጨምራል፣ ሌላው በማግሥቱ ይቀንሳል፣ ሦስተኛው የቦታ ስም ይቀይራል። እንዲህ ያለ ቁጥር ቅርብ ጊዜ ያሸነፈው ሰው ቁጥር ነው፤ አትውሰደው። ለሶሲዮሎጂ ተማሪ ግን ጭቅጭቁ ራሱ ጥሩ መረጃ ነው፤ የውይይት ገጹን ክፈትና ሰዎች በምን ቃል ላይ እንደሚጣሉ አንብብ። የአማርኛውን፣ የእንግሊዝኛውንና የኦሮምኛውን ገጽ ጎን ለጎን ብታስቀምጥ ደግሞ አንዱ የተናገረውን ሌላው ሲያልፈው ታያለህ።

የቤታችንን ምሳሌ እንውሰድ። «ሐረር የእስልምና አራተኛዋ ቅድስት ከተማ ናት» የሚለው በየገጹ አለ። ዩኔስኮ በግንብ የታጠረውን የሐረር አሮጌ ከተማ ጀጎልን በ2006 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ፣ 82 መስጊዶችና 102 የቅዱሳን መቃብር ቦታዎች እንዳሉ ገልጿል፤ ስለ አራተኛነቷ ግን የሚለው «የምትቆጠር» ነው። ማን ነው የቆጠራት? መቼ? ይህን ካልነገረህ ምንጩ አንተም «ናት» ብለህ መጻፍ አትችልም። «እንደዚያ ተብላ ትጠራለች» ማለት ትችላለህ፤ ከፈለግህ ደግሞ ማን እንደሚጠራት ራስህ ሄደህ ጠይቅ፤ የሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ነው።

ለኢትዮጵያ ጉዳይ ከዊኪፒዲያ የሚሻለው መነሻ ሃምቡርግ ላይ የተዘጋጀው፣ ከ2003 እስከ 2014 እ.ኤ.አ. በአምስት ቅጽ የወጣው ኢንሳይክሎፔዲያ ኤቲዮፒካ ነው። እያንዳንዱ መግቢያ በጸሐፊው ስም ተፈርሞ፣ የራሱ የመጻሕፍት ዝርዝር ተያይዞለት ነው የቀረበው። የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ጠይቅ።

ከገጹ ውጣ

አሸዋ ገበያ ሰዓት ስትገዛ «ኦርጅናል ነው?» ብለህ ሻጩን አትጠይቅም። ሦስት ሱቅ አልፈህ ያንኑ ሰዓት ታሳይና የሰዎቹን ፊት ታያለህ። ድረ ገጽ ላይ ግን «ስለ እኛ» የሚለውን አንብበን እናምናለን፤ ሻጩን ጠየቅነው ማለት ነው።

ይህ እንዴት እንደሚያስከፍል የሚያሳየው ማርቲን ሉተር ኪንግ ነጥብ ኦርግ የሚባለው አድራሻ ነው። ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለዓመታት ተማሪዎች ስለ ዶክተር ኪንግ ሲፈልጉ ፊት ለፊት ይመጣላቸው የነበረ ገጽ ነው። ፎቶ፣ የሕይወት ታሪክ፣ ለተማሪዎች የሚታተም ወረቀት ሳይቀር ነበረው፤ አድራሻው በ«ኦርግ» ያልቃል። ባለቤቱ ስቶርምፍሮንት የተባለው የነጭ የበላይነት አቀንቃኞች ቡድን ነበር። ገጹን ለሰዓት ብታጠናው ላታውቅ ትችላለህ፤ ወጥተህ የባለቤቱን ስም ብትፈልግ ግን በደቂቃ ይታወቃል። የስታንፎርድ ተመራማሪዎች በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት የታሪክ ምሁራንን፣ ተማሪዎችንና የመረጃ አጣሪ ባለሙያዎችን ሲያነቡ ተመልክተው ያገኙት ልዩነት ይኸው ነው፤ አጣሪዎቹ ቶሎ ከገጹ ወጥተው ሌላ ቦታ ስለ ገጹ ያነቡ ነበር።

አደራረጉ ቀላል ነው። አዲስ ታብ ክፈትና የድርጅቱን ስም በጥቅስ ምልክት ውስጥ አስገብተህ ፈልግ፤ ከዚያ የጸሐፊውን ስም፤ ከዚያ ማን ገንዘብ እንደሚሰጠው። ሦስት ደቂቃ ይበቃል። «ጆርናል» የሚል ስም፣ ቅጽና ቁጥር እንዳያሞኝህ። በዘር ጉዳይ ላይ ማንካይንድ ኳርተርሊ የሚባል ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አንሥቶ የሚወጣ መጽሔት አለ፤ ቅርጹ የምሁራን ነው፣ የሚታወቀው ግን የዘር የበላይነትን ሳይንስ አልብሶ በማቅረብ ነው። የጉግል የጥናት ጽሑፍ መፈለጊያ የሆነው ጉግል ስኮላር ከሌላው ጋር ደርድሮ ያመጣልሃል። በሌላ ወገን «በአምስት ቀን እናትምልሃለን፣ ዶላር ላክ» የሚሉት አሉ፤ እነሱ ላይ ጊዜ አላጠፋም።

ነፃ የሆነው ብዙ ጊዜ ያረጀው ነው

ዳታ በካርድ የሚሞላ ተማሪ የሚከፍተው በነፃ የሚገኘውን ነው። የቅጂ መብቱ ያለፈበት ጽሑፍ ነፃ ነው፤ በዚህ ዓመት የወጣው ጥናት ክፍያ ይጠይቃል። ውጤቱን ልጅቷ ጽሑፍ ላይ አየነው። የ1911ዱ ብሪታኒካ ስለ ጥቁር ሕዝቦች የጻፈው የአእምሮ የበታችነትን እንደ ተረጋገጠ ነገር የሚናገር ነው። ያ ሁሉ ዛሬም ሳይለወጥ በተለያየ ስም በየድረ ገጹ ይገኛል።

እኛን በተለይ የሚነካን «ሐማዊ»፣ «ሴማዊ»፣ «ኩሻዊ» የሚለው ነው። እንግሊዛዊው አንትሮፖሎጂስት ቻርልስ ሴሊግማን በ1930 እ.ኤ.አ. የአፍሪካን ሥልጣኔ ከውጭ ለመጡ «ሐማውያን» ሰጥቶ ጽፎ ነበር፤ አስተሳሰቡ ሩዋንዳ ድረስ ሄዶ ቱትሲን ከሁቱ ለመለያየት ውሏል። የቋንቋ ምሁሩ ጆሴፍ ግሪንበርግ ከ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ የቋንቋ አመዳደቡን ሲያስተካክል «ሐማዊ» የሚባል ቤተሰብ እንደሌለ አሳይቶ፣ ሴማዊና ኩሻዊን አፍሮ-እስያዊ በሚለው ሥር እኩል ቅርንጫፍ አደረጋቸው። ቅርንጫፎቹ የቋንቋ ናቸው። ሐረሪ ሴማዊ ቋንቋ ነው፤ ኦሮምኛና ሶማሊኛ ኩሻዊ ቋንቋዎች ናቸው። እዚሁ ድሬ ከመጋላ ሰፈር ወደ ከዚራ የሚሄድ ባጃጅ ውስጥ አንድ ሰው ሦስቱንም ሲናገር ትሰማለህ፤ በመንገዱ መካከል ዘሩ አልተቀየረም።

እኔ የምጠቀመው ድንበር 1950 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያ ዓመት ዩኔስኮ ስለ ዘር የመጀመሪያውን መግለጫውን አወጣ። በ1972 እ.ኤ.አ. ደግሞ የዘረመል ተመራማሪው ሪቻርድ ሌዎንቲን ከሰው ልጅ የዘረመል ልዩነት 85 በመቶ ገደማ የሚሆነው በአንድ ሕዝብ ውስጥ ባሉ ሰዎች መካከል እንጂ «ዘር» በተባሉት መካከል እንዳልሆነ አሳየ። ከ1950 በፊት የተጻፈን ማጣቀሻ ስለ ሰዎቹ ማስረጃ አድርገህ አትጥቀስ፤ ስለ ጸሐፊው ዘመን ማስረጃ አድርገህ ግን ጥቀሰው። ሪቻርድ በርተን በጥር 1855 እ.ኤ.አ. ሐረር ገብቶ አሥር ቀን ቆይቶ ስለ ሕዝቡ በንቀት የተሞላ መጽሐፍ ጽፏል፤ በነፃ ይገኛል። የአንድ እንግሊዛዊ መኮንን ዓይን እንዴት እንደሚያይ ለማጥናት ግሩም ነው። ጣሊያን በሚያዝያ 1937 እ.ኤ.አ. ዜጎቿ ከአፍሪካውያን ጋር በትዳር መልክ እንዳይኖሩ የከለከለችበት ሕግና በ1938 እ.ኤ.አ. የጀመረችው «ላ ዲፌዛ ዴላ ራዛ» («ዘርን መከላከል») መጽሔትም እንዲሁ።

ከዕድሜው ጋር ስሙንም ተመልከት። የድሮ ማጣቀሻዎች ኦሮሞን ዛሬ ስድብ በሆነ ስም ይጠሩታል። ሐረሪዎችን «አደሬ» ይላሉ፤ እነሱ ራሳቸውን «ጌይ ኡሱእ»፣ ቋንቋቸውን «ጌይ ሲናን» ይላሉ። የድሮ ጽሑፍ ለማግኘት የድሮውን ስም በፍለጋ ሣጥን ውስጥ መጻፍ ግድ ይሆናል፤ ወደ ጽሑፍህ ስታመጣው ግን በጥቅስ ውስጥ ካልሆነ በቀር ባለቤቶቹ በሚሉት ስም ጻፍ። አዲስ ሆኖ የድሮውን ስም ሳይጠራጠር የሚጽፍ ገጽ ካገኘህ ከምን እንደገለበጠ ገምት።

የሚከፈልበትን በሕጋዊ መንገድ ለማግኘት፦ የአፍሪካ መጽሔቶችን የሚሰበስበው አፍሪካን ጆርናልስ ኦንላይን፣ በነፃ ሒሳብ የተወሰነ ንባብ የሚፈቅደው ጄስቶር፣ የዩኒቨርሲቲዎቻችን የመመረቂያ ጽሑፍ ማከማቻ። ካልሆነ ለጸሐፊው ኢሜይል ጻፍለት፤ ብዙዎቹ በደስታ ይልካሉ። የማስተርስ ጽሑፍ ግን ፈታኝ ያየው እንጂ መጽሔት ያበጠረው እንዳልሆነ አትርሳ።

ቁጥርን እስከ ጉድጓዱ ተከተል

«የኢትዮጵያውያን አማካይ አይኪው (የአእምሮ ብቃት መለኪያ ውጤት) 63 ነው» የሚል የዓለም ካርታ አይተህ ይሆናል። ካርታው በቀለም ያሸበረቀ ነው፣ ምንጭም ይጠቅሳል። ልጅቷ ባትጠቅሰውም አብረን ተከተልነው። ካርታው ወደ አንድ ድረ ገጽ፣ ድረ ገጹ ሪቻርድ ሊንና ታቱ ቫንሀነን በ2002 እ.ኤ.አ. ወዳሳተሙት መጽሐፍ ይወስዳል። የመጽሐፉ አባሪ ደግሞ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ይናገራል፦ ወደ እስራኤል ከገቡ ዓመት ገደማ ከሆናቸው 250 ገደማ ቤተ እስራኤል ታዳጊዎች። አገር ቀይረው፣ ቋንቋ ገና እየለመዱ፣ በማያውቁት ፈተና ወረቀት ፊት የተቀመጡ ልጆች ውጤት ነው ለአገር ሙሉ የዋለው። ካርታው ላይ ይህ አይታይም። አራት ጊዜ መንካት ነው የሚጠይቀው።

ለማንኛውም ቁጥር ጥያቄዎቹ እነዚህ ናቸው፦ ማን ቆጠረ፣ ማንን፣ ስንት ሰው፣ መቼ፣ ምን ብሎ ጠይቆ? አንዱን መመለስ ካልቻልክ ቁጥሩን ጣለው፤ ምዕራፉ አይሞትም።

የሕዝብ ቆጠራ ላይ የእኛው ካሌንደር ያሳስታል። የመጨረሻው ቆጠራ በግንቦት 1999 ዓ.ም. ተካሄደ፤ እሱ በእንግሊዝኛ 2007 ነው። ሁለቱን የተለያዩ ቆጠራዎች አድርጎ «የሕዝብ ቁጥሩ በስምንት ዓመት ምንም አልጨመረም» የሚል ትንታኔ የጻፈ ተማሪ ጽሑፉን እኔው ነኝ የጠረዝኩለት፤ ዘግይቼ ነው ያየሁት። በዚያ ቆጠራ ድሬዳዋ 341,834፣ የሐረሪ ክልል 183,415 ሕዝብ ነበራቸው። አራተኛው ቆጠራ ተላልፎ ተላልፎ ስላልተካሄደ ከዚያ በኋላ የምታየው ሁሉ ትንበያ ነው። «ትንበያ» የሚለውን ቃል ሳይጽፍ አዲስ የብሔር ድርሻ በመቶኛ የሚሰጥህ ገጽ ሲገጥምህ ዝጋው።

ሕግና ሪፖርት

ሕጉን ከሕጉ አንብብ፤ ከዜና አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 25 ስለ እኩልነት ይደነግጋል፤ የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የራሱ ትርጓሜ ክፍል አለው። ትርጓሜውን ገልብጠህ ያዝ፤ «የጥላቻ ንግግር» የሚለውን ሰው ሁሉ በየራሱ ስለሚጠቀምበት።

ሕግ መኖሩ ግን ችግሩ መጥፋቱን አያሳይም። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። ፌስቡክ ላይ ይህ አዋጅ «ኢትዮጵያ ውስጥ የሙያ መድልዎ ያኔ ቀርቷል» ከሚል ጽሑፍ ጋር ይዞራል። አዋጁ የሚያሳየው ተቃራኒውን ነው፤ ስድቡ ንጉሥ እስኪቆጣ ድረስ በዝቶ ነበር። መቅረቱን ለማወቅ ሌላ ምንጭ ያስፈልግሃል።

ለመንግሥታቱ ድርጅት ኮሚቴ የሚቀርቡ ሪፖርቶች ሦስት ዓይነት ናቸው፦ መንግሥት ስለ ራሱ የጻፈው፣ ማኅበራት ያቀረቡት፣ ኮሚቴው በመጨረሻ ያለው። ከሦስቱ አንዱን ብቻ የጠቀሰ ጽሑፍ ወገን መርጧል፤ አብረህ አንብባቸው። የእርዳታ ድርጅቶችም እንዲሁ ናቸው። ከሐረር ብዙም በማይርቀው ቢሲዲሞ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን እንደተቋቋመው ማዕከል ባለ ቦታ ላይ ከለጋሽ ወገን የሚጻፍ ጽሑፍ ስለ ዓመተ ምሕረትና ስለ ሕንጻ ሊታመን ይችላል፤ ሕሙማኑ ስለ መገለላቸው ምን እንደሚሉ ግን ገንዘብ ለማሰባሰብ ከተጻፈ ገጽ አይገኝም።

ቻትቦት፣ ደብተር፣ ጥራዝ

ቻትቦት ጠይቅ፤ ፍለጋ ቃል ለማግኘት ጥሩ ነው። ማጣቀሻ ግን አትቀበለው። የሌለ መጽሐፍ ከእውነተኛ ፕሮፌሰር ስም ጋር አጋብቶ ይሰጥሃል። የሰጠህን ርእስ በመጽሔቱ የራሱ ገጽ ላይ ፈልግ፤ ካልተገኘ የለም።

ደብተርህ ላይ ለእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ሦስት ነገር ጻፍ፦ ያየህበት ገጽ፣ ያ ገጽ የጠቀሰው፣ አንተ በዓይንህ ያየኸው የመጨረሻ ሥር። የከፈትክበትን ቀን ጨምር፤ ገጹንም በኢንተርኔት አርካይቭ አስቀምጠው፤ ሊንክ በክረምት ይሞታል።

ልጅቷ በሳምንቱ ተመለሰች። ያ ዓረፍተ ነገር «ሐረሪ ወይም ጌይ ሲናን ሴማዊ ቋንቋ ሲሆን፣ ተናጋሪዎቹ ኦሮምኛና ሶማሊኛ ከሚናገሩ ጎረቤቶቻቸው ጋር ለዘመናት ኖረዋል» ሆኗል። ምዕራፍ ሁለት ከአሥራ ዘጠኝ ገጽ ወደ አሥራ አንድ ወርዷል። አማካሪዋ ጠርዙ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «በጣም አጥሯል» ብሎባታል። «ልጨምርበት እንዴ?» አለችኝ። ማሽኑ ሞቆ ስለነበር ጠረዝኩት።